የጋሽ ዱካሌ ግራጫ

የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ እኛ ሰፈር ሲደርስ ሁልጊዜ ትንፋሹ ያልቅበታል። ዳገት ነው። ስለዚህ የሟቹን ስም የምንሰማው ቆም ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ሁለት ጊዜ ካሳለ በኋላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋትም እንደ ልማዱ ነፋ፣ ሳለ፣ ከዚያ «ጋሽ ዱካሌ! ፎቶ ቤቱ!» ብሎ ቁልቁል ወረደ።

እኔ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ጎመኑን አስቀመጥኩና ገብቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ በኋላም አልቅሻለሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ግን ከብርድ ልብሶቹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሻርፕ አውጥቼ ማየት ነው። ምናልባት በአራት ወር ውስጥ ደብዝዞ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። አልደበዘዘም። ያው ሮዝ ነው። ሮዝ ስል ጨዋውን ሮዝ ማለቴ አይደለም፤ የልደት ኬክ ላይ የሚቀባውን፣ ልጆች በጣታቸው የሚጠርጉትን ዓይነት ነው። ዳርና ዳሩ ደግሞ ያብለጨልጫል።

ባለቤቴ አሰፋ ካረፈ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ከሉን ገና አላወጣሁም። ጋሽ ዱካሌ ሲሞቱ ግን ቀብራቸው ላይ በዚህ ሻርፕ እንደምገኝ ምዬላቸዋለሁ። ሻርፑ እንዴት እንዲህ ያለ ቀለም ሊኖረው እንደቻለ ለማንም እንዳልናገርም ሌላ መሐላ አለብኝ። ብለብሰው ሰፈሩ «የአሰፋ ሚስት አበደች» ይላል። ባልለብሰው ለሙት የገባሁትን ቃል አጥፋለሁ። ለምን እንደለበስኩት ላስረዳ ብል ደግሞ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የደበቁትን ነገር በቀብራቸው ቀን አወጣባቸዋለሁ።

ቀብሩ ረቡዕ ሰባት ሰዓት ነው ተባለ። አንድ ቀን ነበረኝ።

ዲላ ውስጥ ጋሽ ዱካሌን የማያውቅ ሰው ካለ መታወቂያ አውጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ፎቶ ቤታቸው ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የሸምሱ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆመ አንድ ክፍል ነበር። የትኛው የትኛውን እንደደገፈ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ትንሽ ወደ ግራ የሚያዘነብሉ ሰው ነበሩ። ሰውን በስሙ አይጠሩም። ያነሱትን ሁሉ የሚጠሩት ባነሱበት ጉዳይ ነው። ለመታወቂያ የተነሳ ሰው ቢሸብትም «ባለ መታወቂያው» ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ በሕፃንነቱ ራቁቱን ፎጣ ላይ ተኝቶ የተነሳ ነበረና፣ ባለ ጉዳይ በተሰለፈበት መሃል «እንዴት አደርክ፣ ባለ ፎጣው!» ይሉት ነበር። እኔ «ሙሽራዬ» ነኝ። ዘንቢል ተሸክሜም ሙሽራዬ፣ ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ አብጦም ሙሽራዬ። የአሰፋ ቀብር ዕለት እንኳ፣ ሴቶቹ ደግፈውኝ ስሄድ፣ ከወንዶቹ መሃል «አይዞሽ፣ ሙሽራዬ» ብለው የሰው ሁሉ አንገት ዞሯል። ያን ቀን ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ትዝ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

የሚያነሱት በጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር።

ድሮ ሁሉም እንዲያ ስለሚያነሳ ማንም አልጠየቃቸውም። በኋላ ባለ ቀለሙ ፊልም መጣ። በዋናው መንገድ ፏፏቴ የተሳለባቸው መጋረጃዎች ያሏቸው ፎቶ ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ሆነ። ጋሽ ዱካሌ ንቅንቅ አላሉም።

«ቀለም ወሬ ነው፣ ሙሽራዬ» ይሉኝ ነበር። «በቀለም የተነሳውን ሰው ያየ ሁሉ ‹ያ ሸሚዝ ከየት ተገዛ?› ይላል። በጥቁርና ነጭ የተነሳውን ያየ ግን ‹ይሄ ሰውዬ ምን እያሰበ ነው?› ይላል። እኔ ሸሚዝ ነጋዴ አይደለሁም።»

ሌላም አባባል ነበራቸው። «ነጩን ዲላ ነው በዪው። ጥቁሩን ይርጋጨፌ። ሁለቱንም ሰው ያውቃቸዋል። መኪናው ግን መሃል ላይ በወናጎ በኩል ነው የሚያልፈው። ፎቶም እንደዚያ ነው። ጥሩ ፎቶ ወናጎው የበዛ ነው።» ግራጫውን ማለታቸው ነው፤ ከነጩና ከጥቁሩ መሃል ያለውን ጥላ ሁሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ጋሽዬ፣ ቪንቴጅ አንሱን» እያሉ መምጣት ሲጀምሩ ይህንኑ ትምህርት ይሰጧቸው ነበር።

«ጋሽዬ፣ እኛ እኮ ወናጎ አይደለም የምንሄደው፣ ኢንስታግራም ላይ ልንለጥፈው ነው» አላቸው አንዱ።

«ዝም ብለህ ቁም። ፊትህ ላይ ወናጎ የለም፣ ሁሉም ዲላ ነው» አሉና መብራቱን አዞሩት። ልጁ ፎቶውን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ አየው። ከዚያ «አባቴን መሰልኩ» ብሎ ሦስት ቅጂ አሠራ።

በከተማው ውስጥ ጋሽ ዱካሌን «አንተ» የሚላቸው ሸምሱ ብቻ ነበር። በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ግን ለስንት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርቶ ሲያሾፍባቸው አንቱታው አልቆ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» ይላቸዋል ምላጩን እየሳለ፣ «አላህ ዓለምን በቀለም ሠራት፣ አንተ ደግሞ በየቀኑ በኦሞ ታጥባታለህ።»

«የሠራውን አንተ መች አየኸው? አንተ የምታየው ፀጉር ነው።»

«ሂድ እንግዲህ ቴሌቪዥንህን እይ!»

ቴሌቪዥኑ የሸምሱ ነበር። አንድ ሰሞን ተበላሽቶ ቀለሙ ጠፋና ሁሉንም ነገር በጥቁርና ነጭ ማሳየት ጀመረ። ጋሽ ዱካሌ ሱቃቸውን ዘግተው ሳምንቱን ሙሉ ሸምሱ ጋ ዋሉ። «አሁን ገና ፊልም ሆነ!» እያሉ ፀጉሩን የሚቆረጠውን ሰው ሁሉ ያስረዱ ነበር። «ደም ጥቁር ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ቀይ ሲሆን ድልህ ነው፤ ማን ድልህ ይፈራል?» ሸምሱ ቴሌቪዥኑን ሲያሠራ ለሁለት ቀን አኮረፉት።

ከተሠራ በኋላ ኳስ ለማየት ይመጡ ነበር። አንዱ ቡድን ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ የለበሰ ዕለት ጎል ሲገባ ዘለው ተነሱና ጨበጨቡ። ሸምሱ ፎጣውን ወረወረባቸው።

«በኛ ላይ እኮ ነው የገባው! ለማን ነው የምታጨበጭበው አንተ?»

ጋሽ ዱካሌ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ለጨዋታው» አሉ።

እኛም ሳቅን። ያኔ ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ፎቶ ቤቱ አንድ ኮት ነበረው። ኮት የሌለው ወንድ ሁሉ እሱን ለብሶ ይነሳል። ዲላ ውስጥ በየሳሎኑ የተሰቀሉትን አባቶች፣ አጎቶች፣ ሙሽሮች ብታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር፣ ከባድ፣ የዳኛ የሚመስል ኮት ለብሰዋል። ያ ኮት በእውነተኛው ዓለም ቀይ ነበር። ገና ከዛፉ ያልወረደ የበሰለ ቡና ያህል ቀይ። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ራሳቸው መርጠው ነው የገዙት።

ለሠርጋችን ፎቶ የሄድን ዕለት አሰፋ ኮቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ጋሽ ዱካሌ፣ ይሄ ቀይ ነው።»

እሳቸው ካሜራው ላይ እንዳጎነበሱ ሌንሱን ደግመው ወለወሉት። «ታዲያስ?» አሉ ቀጥለው። «ለፊልም ተብሎ ነው። ፊልም ቀይ ይወዳል። ጥቁር ብትለብስ ፎቶው ላይ ጉድጓድ ነው የምትሆነው። ልበስ!»

ለበሰ። እጅጌው ክርኑ ጋ ቀረ። «እጅህን ወደ ኋላ» አሉት። ይኼኔ ሸምሱ በበሩ አንገቱን አስግጎ ገባ።

«አሰፋ! ሰርከስ ተቀጠርክ እንዴ? ደመወዙ ስንት ነው?»

አሰፋን ሳቅ አፈነው። እኔንም። ጋሽ ዱካሌ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና «እንዳትስቁ! እንዳትውጡትም! ጉንጫችሁ ውስጥ ያዙት!» ብለው ጮኹ። ያዝነው። አነሱን። ፎቶው ሲወጣ አማቴ «ልጄ ሚኒስትር መሰለ» ብለው አለቀሱ። እስከ ዛሬ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። ያየው እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያሉ ኮስታራ ባልና ሚስት ናችሁ» ይለኛል። በጉንጫችን ውስጥ ምን እንደያዝን የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የአቮካዶው ነገር መጣ። ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቀዋልና መደበቅ አይቻልም።

ደንበኛ እየሳሳ ሲሄድ ባለቤታቸው እትዬ አበበች «በቀለም አንሳ፣ ወይም ቤት ዋል» አሏቸው። ጋሽ ዱካሌ ዲጂታል ካሜራና አንድ ኮምፒውተር ይዘው ተነሱ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከወናጎ የመጡ መዘምራን ነበሩ፤ አዲስ ልብስ አሰፍተው በቀለም መነሳት ፈልገዋል። አነሷቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው «ፊታቸውን ትንሽ ላሳምረው» ብለው ሙሉ ቀን ሲነካኩ ዋሉ። ሲያትሙት ሃያ ሁለቱም መዘምራን አረንጓዴ ሆነው ወጡ።

የመዘምራኑ መሪ ፎቶውን ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን በደንብ ጨርሷል።

«ጋሽ ዱካሌ፣ እኛ ሰው ነን» አለ። «ይሄ አቮካዶ ነው።»

«ብርሃኑ ነው።»

«ብርሃኑ ምን አደረገን? ፓስተራችንን ይዩአቸው እስቲ! ገና እኮ አልበሰሉም!»

ሸምሱ አንዱን ቅጂ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ለሦስት ሳምንት ከተማውን ሲያስቅ ከረመ። ጋሽ ዱካሌ ኮምፒውተሩን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጡና መዘምራኑን በነፃ፣ በድሮው ካሜራቸው፣ በጥቁርና ነጭ አነሷቸው። ያንን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ትንፋሽ የተያዘ ነው የሚመስለው፤ የሚዘምሩት ድምፅ ሁሉ ከጥላው ውስጥ ይሰማል። እትዬ አበበች ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም አንድም ቀን አላነሱም። ይህም ያኔ አላስገረመኝም።

ምስጢሩን ያወቅነው በቡና ለቀማ ሰሞን ነው።

ቅዳሜ ነበር። እትዬ አበበች ለጸሎት ሄደዋል። አሰፋና እኔ የተዋስነውን መሰላል ልንመልስ ቤታቸው ስንገባ ጋሽ ዱካሌ ጓሮ ካሉት ቡናዎች ሥር ቆመዋል። አንድ ፍሬ ይይዛሉ፣ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል፣ ከዚያ ወይ ይቀጥፉታል ወይ ይተዉታል። ቅርጫታቸው ውስጥ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነበር።

አሰፋ ይርጋጨፌ ቡና ሥር ያደገ ሰው ነው፤ አፉን መያዝ አልቻለም። «ጋሽ ዱካሌ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ነው።»

«የትኛው?» አሉ።

ያቺን «የትኛው?» አልረሳትም። ፎቶ ሲያነሱ ሰው ሁሉ የሚታዘዝለት ያ ትልቅ ድምፅ አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና ሁሉን አጫወቱን። ቀይና አረንጓዴ አይለዩም። ከተወለዱ ጀምሮ። ልጅ ሆነው ሬኮ በሚባል ገጠር፣ አጎታቸው ማሳ ላይ ለቀማ ተልከው የመጀመሪያውን ቅርጫት ሞልተው ሲያመጡ አጎትየው ገልብጦ አየውና «ይሄ ቡና ነው ወይስ ሰላጣ?» አለ። ለቃሚው ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን ሰነፍ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ተንኮለኛ ተብለው ተገረፉ። «አይታየኝም» ማለት አልቻሉም፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው የሚያየው እሳቸው ከሚያዩት የተለየ መሆኑን ገና አያውቁም ነበር።

«ጌዴኦ ተወልዶ ቡና መልቀም ያልቻለ ሰው ምን ይሆናል?» አሉን። «ዲላ መጣሁ። አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ቤት መጥረግ ጀመርኩ። ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አስገቡኝና ‹ቀይ መብራቱ በርቷል?› ሲሉኝ ‹በርቷል› እላለሁ። ለእኔ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በእጄ ነው የተማርኩት። ከዚያ ፎቶው ውሃው ውስጥ ብቅ ሲል ወደ ደጅ አወጡትና አየሁት። ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ። አንድም የጎደለኝ ነገር የለም። ሽማግሌውም የሚያዩት እኔ የማየውን ነው። በዓለም ላይ ከሰው ጋር እኩል ያየሁበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።»

ኮቱን አሰብኩ። አሰፋም እንዳሰበው ገባኝ፤ ተያየን።

«እና ኮቱ...» አለ አሰፋ።

«አንተ ‹ቀይ ነው› እስክትል ድረስ ጥቁር ነበር» አሉ ጋሽ ዱካሌ። «የመጀመሪያው ደፋር አንተ ነህ። ስንት ወንድ ዝም ብሎ ለብሶታል!»

ከዚያ አስማሉን። «አበበች እንዳትሰማ፤ ዓይነ ስውር አገባሁ ትላለች። ሸምሱ ከሰማ ደግሞ በዚያው ቀን አገር ለቅቄ እሄዳለሁ። ቀለም የማያይ ፎቶ አንሺ ዘንድ ማን ይመጣል?» ማልን። በሁሉ ነገር የሚስቀው አሰፋ ያን ቀን አልሳቀም። ቅርጫቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየ ጨረሰና «ይኸው» ብሎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ለቀማ ሲደርስ፣ እትዬ አበበች ለጸሎት በሄዱበት ቅዳሜ ሹልክ ብለን ሄደን ቀዩን እንለቅምላቸው ነበር። አበበች ሲመለሱ ቅርጫቱ ሞልቶ ያገኙታል። ጋሽ ዱካሌም ወገባቸውን ይዘው እንደ ደከመ ሰው ያቃስታሉ።

ዘንድሮ ብቻዬን ሄድኩ። በጥቁር ልብሴ ለቀምኩላቸው። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፤ አርጅተዋል፣ መቆምም ያታክታቸዋል።

«ብርሃን አንሶሻል፣ ሙሽራዬ» አሉኝ። «ፎቶ ብትሆኚ ደግሜ ነበር የማትምሽ።»

«ሀዘን ነው፣ ጋሽ ዱካሌ።»

«አውቃለሁ። ግን ከጥቁር በቀጥታ ወደ ነጭ አይኬድም። ሰው ከሉን ሲያወጣ አንድ ቀን ተነስቶ ነጭ ይለብሳል፤ ዓይኑን ያመዋል። መሃል ላይ ወናጎ አለ።» በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከጎናቸው አነሱ። «ግራጫ ነው። ልከኛ ግራጫ። ሽማግሌም ቄስም አያማሽም። እኔ ስሞት በጥቁር እንዳትመጪ፣ በቂ ጥቁር አይቼብሻለሁ። በዚህ ነይ።»

«ምን ነካዎት? ዕድሜ ይስጥዎት እንጂ!»

«ማዪ።»

ማልኩ። ያልተከፈተ ጥቅል ላይ መማል ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጋዜጣውን ስፈታ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አልማዝ አብረን ለቅሶ ልንደርስ መጣች። ሻርፑ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«ይሄ ምንድነው? የማን ልደት ነው?»

«ነገ ለብሼው ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ቀብር።»

አልማዝ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ስሚ፣ የኔ እህት። ሀዘን ሲቆይ ጭንቅላት ይነካል። ፀበል አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አታፍሪ።»

«ቃል ገብቼ ነው።»

«ለማን?»

«ለሟቹ።»

«ጋሽ ዱካሌ ሮዝ ለብሰሽ ቅበሪኝ አሉሽ? በዚያ ዕድሜያቸው?»

«ሮዝ አላሉም።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

ሻርፑን አነሳሁና ማጠፍ ጀመርኩ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ብናገር ምስጢሩ ይወጣል። አልማዝ ዝምታዬን አየችና ፀበሉን ለሐሙስ ቀጠረችው።

ረቡዕ ሻርፑን ለበስኩና በላዩ ላይ ጥቁር ነጠላ ደረብኩ። ለሁለቱም መሐላ የሚሆን ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለብሻለሁ፣ ግን አይታይም። ግቢያቸው ድረስ እንዲሁ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። የወናጎ መዘምራን ቆመው ይዘምራሉ። የሬሳ ሳጥኑ አጠገብ የጋሽ ዱካሌ ፎቶ ቆሟል። እሳቸውን ያነሳቸው ሰው ስላልነበረ ሸምሱ አንድ ቀን በራሳቸው ካሜራ ያነሳቸው ነው፤ አንዱ ጆሯቸው ተቆርጦ ቀርቷል። ፎቶው ውስጥ አፋቸውን ገጥመዋል። ጉንጫቸው ውስጥ ሳቅ ይዘዋል።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በጥቁር እንዳትመጪ ያሉኝ ሰው ፊት በጥቁር ቆሜአለሁ። ነጠላውን አውልቄ ለአልማዝ ሰጠኋት። አልማዝ «በስመ አብ» አለች።

ገባሁ። የመዘምራኑ መሪ ዜማው ከአፉ ላይ ጠፋበት፤ ሁለተኛው ረድፍ ብቻውን ቀጠለ። የዕድር ሴቶች ከዳር እስከ ዳር እንደ ቡና ቅጠል በአንድ ንፋስ ዞሩ። አንዷ «ውይ በሞትኩት» ስትል ሰማኋት። እትዬ አበበች ድረስ ያሉት አሥራ አምስት እርምጃዎች አላልቅ አሉኝ። ፊታቸው ደርሼ ጎንበስ አልኩ። ቀና ብለው ሻርፑን አዩት፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ እንደገና ሻርፑን።

«ግራጫ ነው አለሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«አይ ዱካሌ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ደገፏቸው። እኔ ብቻ ነኝ ቅርብ ሆኜ ያየሁት። እየሳቁ ነበር። እያለቀሱም ነበር፤ ግን ሳቁ ይበልጥ ነበር።

«እኔን ያገባኝ ቀን» አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ግራጫ ጫማ ገዛሁልሽ ብሎ ያመጣውን ብታዪ! ይኸው ይሄንን ነው የሚመስለው። ተጫምቼው ተሞሸርኩ። ምን ልበለው? ገበያ ውስጥ ያልተሸጠላቸውን ቀለም ሁሉ ‹ግራጫ ነው፣ ጋሼ› እያሉ ሲያሸክሙት ኖሩ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር እንዴ! ቡናውንስ እሱ ይለቅመዋል ብዬ የማምን መስሎሽ ነው? ከጸሎት ቶሎ እመለስና አሰፋና አንቺ እስክትጨርሱ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ እቆም ነበር። ስንት ዓመት! አንድ ጊዜማ ባልሽ ዘፈን ጀምሮ አልጨርስ ብሎ ራሴን አዞረኝ።»

«እርስዎ እንዳይሰሙ አስምለውን ነበር። ሸምሱም።»

እትዬ አበበች በአገጫቸው ወደ ሳጥኑ አመለከቱኝ። ሸምሱ ከተሸካሚዎቹ ፊት ቆሟል። ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ አናቱ ላይ ግን አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ያልለየለት፣ ከሩቅ የሚጮህ አዲስ ቆብ ደፍቷል። ሻርፔን አየ። እኔ ቆቡን አየሁ። ቀስ ብሎ ቆቡን በእጁ ነካ አደረገና «ግራጫ» ሲል ከንፈሩን አነበብኩ። ከዚያ ከተማው ሁሉ እያየው ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ ምርር ብሎ አለቀሰ።

«ለሱ ደግሞ ‹አበበች ካወቀች አገር እለቃለሁ› ብሎት ነበር» አሉ እትዬ አበበች ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እስቲ አሁን ደግሞ የት ይሄዳል!»

መዘምራኑ ዜማቸውን አገኙ። ሴቶቹ አሁንም ያዩኛል። መቀመጫ የለም፤ ልወጣ ዞርኩ። በሕይወት ካሉት ሰዎች መሃል ከእንግዲህ ጋሽ ዱካሌ ባወጡልኝ ስም የሚጠራኝ እንደሌለ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ አበበች ጠጋ አሉና በእጃቸው ፍራሹን መታ መታ አደረጉ።

«ነይ፣ ሙሽራዬ» አሉ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «እዚህ ጋ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሻርፑ ሰፊ ነው፤ ለሁለታችንም ጉልበት በቃ።